የመከላከያ ማሻሻያዎች (ዎርልድ ኦፍ ታንክስ)

የመከላከያ ማሻሻያዎች በዎርልድ ኦፍ ታንክስ የኢንተርኔት ጨዋታ ውስጥ አንድ ታንክ በውጊያ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ የሚያግዙ መሣሪያዎች፣ ቁሳቁሶችና የታንከኞች ችሎታዎች ናቸው። በአንድ ታንክ ላይ የሚገጠሙት መሣሪያዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ተጫዋቹ ከመከላከያ፣ ከተኩስ ኃይል፣ ከፍጥነትና ከቅኝት መካከል መምረጥ ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ጥበቃ በጨዋታው ውስጥ እንዴት እንደሚሰላ፣ ዋና ዋናዎቹ የመከላከያ ማሻሻያዎች ምን እንደሚሠሩና ምርጫው በምን መመዘኛ እንደሚደረግ ያብራራል።

ስለ ጨዋታው

ዎርልድ ኦፍ ታንክስ የዋርጌሚንግ ኩባንያ ሥራ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1998 በቤላሩስ ዋና ከተማ በሚንስክ በቪክቶር ኪስሊ የተመሠረተ ሲሆን፣ በኋላ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ቆጵሮስ ከተማ ኒቆስያ አዛውሯል። ጨዋታው በሩሲያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በሚያዝያ 2011 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዋርጌሚንግ ከሩሲያና ከቤላሩስ ሲወጣ፣ በዚያ የነበረው ሥራ ለሌስታ ስቱዲዮ ተላለፈና ጨዋታው በአካባቢው «ሚር ታንኮቭ» በሚል ስም ቀጠለ።

በተለመደው ውጊያ 15 ተጫዋቾች በሌሎች 15 ላይ ይሰለፋሉ፤ ውጊያውም ቢበዛ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ታንኮቹ በ5 ምድብ ይከፈላሉ፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ታንክ አጥፊ እና በራሱ የሚንቀሳቀስ መድፍ። ታንኩ የተደመሰሰበት ተጫዋች በዚያው ውጊያ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ የተቃጠለ ታንክ ቡድኑን እስከ መጨረሻው አንድ ሰው ያጎድለዋል። የመከላከያ ምርጫ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ጥበቃ እንዴት ይሰላል

አንድ ጥይት ታንክን ሲመታ ጨዋታው በቅደም ተከተል ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል ወይ? ካልነጠረ ጥሩሩን ይበሳል ወይ? ከበሳስ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል?

የጥሩር ውፍረትና አንግል

ጥሩር የታንኩ የብረት ልብስ ነው። ውፍረቱ በሚሊሜትር ይለካል። ነገር ግን ጥይቱ በሰያፍ ሲመጣ የሚያቋርጠው የብረት ርቀት ስለሚጨምር፣ ጥሩሩ ከተጻፈለት ውፍረት በላይ ይከላከላል። ይህ ውጤታማ ውፍረት የሚገኘው ዋናውን ውፍረት ለአንግሉ ኮሳይን በማካፈል ነው። አንግሉ የሚለካው ለጥሩሩ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ጀምሮ ነው። ለ100 ሚሊሜትር ጥሩር ውጤቱ እንዲህ ነው፦

• በ0 ዲግሪ፦ 100 ሚሊሜትር
• በ30 ዲግሪ፦ 115 ሚሊሜትር
• በ45 ዲግሪ፦ 141 ሚሊሜትር
• በ60 ዲግሪ፦ 200 ሚሊሜትር

ተራው ጥሩር በሺ ጥይት በብረቱ ላይ ሲያርፍ አንግሉን በ5 ዲግሪ ያቃናል። ስለዚህ በ60 ዲግሪ የመጣ ጥይት እንደ 55 ዲግሪ ይቆጠርና የሚጠብቀው ብረት ወደ 174 ሚሊሜትር ይወርዳል። ይኸው ጥይት ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ አንግል ከመታ ግን የመብሳት ኃይሉ ምንም ያህል ቢሆን ነጥሮ ይመለሳል። ለዚህ ደንብ አንድ ልዩ ሁኔታ አለው፤ የመድፉ ካሊበር ከጥሩሩ ውፍረት 3 እጥፍ በላይ ከሆነ ጥይቱ አይነጥርም። ለምሳሌ 40 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ጣሪያ ባለ 122 ሚሊሜትር መድፍ በማንኛውም አንግል አያነጥረውም።

የሕይወት ነጥብ

ጥይቱ ከበሳ ከታንኩ የሕይወት ነጥብ ላይ ይቀነሳል። የመብሳት ኃይሉም ሆነ የሚያደርሰው ጉዳት በእያንዳንዱ ተኩስ ከአማካዩ እስከ 25 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አማካይ ጉዳቱ 400 የሆነ መድፍ አንድ ጊዜ 300፣ ሌላ ጊዜ 500 ሊያጎድል ይችላል ማለት ነው።

የውስጥ ክፍሎችና ታንከኞች

ታንኩ የሕይወት ነጥብ እያለው ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ እስኪጠገን ድረስ ቆሞ ይቀራል። የጥይት መደርደሪያው ሲጎዳ መድፉን ማጉረስ ይዘገያል፤ ፈጽሞ ሲወድም ደግሞ ታንኩ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ሲወድም እሳት ይነሳል። አዛዡ፣ ተኳሹ፣ ሹፌሩ ወይም አጉራሹ ሲቆስል የእርሱ ሥራ ይዳከማል፤ ሁሉም ታንከኞች ከቆሰሉ ታንኩ ከውጊያ ይወጣል።

የማሻሻያ ዓይነቶች

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የወጣው 1.10 የተባለው እትም የመሣሪያዎችን ሥርዓት እንደ አዲስ አደራጀ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎች በ4 ዘርፍ ይመደባሉ፦ የተኩስ ኃይል፣ በሕይወት መቆየት፣ እንቅስቃሴና ቅኝት። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ታንኮች 3 የመሣሪያ ቦታ አላቸው። አንዳንዱ ቦታ የራሱ ዘርፍ ተሰጥቶታል፤ ከዘርፉ ጋር የሚስማማ መሣሪያ ሲገጠምበት ጥቅሙ በተወሰነ መጠን ከፍ ይላል። ሁሉም መሣሪያ በሁሉም ታንክ ላይ አይገጠምም።

በመከላከያ ረገድ በብዛት የሚታዩት የሚከተሉት ናቸው።

የተጠናከረ አካል። የታንኩን የሕይወት ነጥብ ይጨምራል፤ በ2020 ሲገባ ጭማሪው 8 በመቶ ነበር። የሰንሰለቱንና የተሸካሚውን ጥንካሬም ከፍ ያደርጋል። ጥሩሩን ግን አያወፍርም፤ ቀድሞ ይበሳ የነበረ ቦታ ከዚያ በኋላም ይበሳል።

የፍንጣሪ መከላከያ ሽፋን። ፈንጂ ጥይት ሳይበሳ ውጭ ሲፈነዳ የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳል፣ ታንክ ከታንክ ሲጋጭ የሚመጣውን ጉዳት ያቃልላል፣ ታንከኞችንም ከመቁሰል ይጠብቃል። ከሩቅ በመድፍ የሚደበደቡ ዘገምተኛና ከባድ ታንኮች በተለይ ይጠቀሙበታል። ጥሩሩን በስቶ ለገባ ጥይት ግን የሕይወት ነጥቡን አያድንም።

የተሻሻለ አደረጃጀት። ከ2020 በፊት ለየብቻ ይገጠሙ የነበሩ መሣሪያዎችን አንድ ላይ የያዘ ነው። የጥይት መደርደሪያውንና የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ያጠነክራል፣ የጥገናንም ፍጥነት ይጨምራል። የጥይት መደርደሪያቸው በቀላሉ ለሚመታባቸው ታንኮች ይመረጣል።

ከመሣሪያዎች ውጭ ሁለት ሌሎች የጥበቃ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ለውጊያ የሚያዙ ቁሳቁሶች ናቸው፤ የጥገና ሳጥን የተሰበረውን ክፍል ወዲያው ያድሳል፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን የቆሰለውን ታንከኛ ይመልሳል፣ የእሳት ማጥፊያ እሳቱን ያጠፋል። ሁለተኛው የታንከኞች ችሎታ ነው። የጥገና ችሎታቸው ከፍ ያለ ታንከኞች የተበጠሰውን ሰንሰለት በአጭር ጊዜ መልሰው ያስሩታል። ይህ ችሎታ ምንም የመሣሪያ ቦታ ስለማይወስድ ብዙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ለታንከኞቻቸው ቀድመው ያሠለጥኑታል።

ከእውነተኛው ዓለም ጋር ያለው ግንኙነት

ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በታሪክ መሠረት አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ሸርማን ታንክ ሲመታ ቶሎ የሚቃጠልበት ዋና ምክንያት በውስጡ የተከማቸው ጥይት ነበር። ከ1944 ጀምሮ በተሠሩ ብዙ ሸርማኖች ላይ ጥይቱ ወደ ታንኩ ወለል ወርዶ በፈሳሽ በተከበበ ማስቀመጫ ውስጥ እንዲሆን ተደረገ፤ የቃጠሎው አደጋም በእጅጉ ቀነሰ። በጨዋታው ከ2020 በፊት የነበረው የጥይት መደርደሪያ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከዚህ አሠራር ነው።

የፍንጣሪ መከላከያም እውነተኛ ነገር ነው። ጥይት ጥሩሩን ባይበሳ እንኳ ከውስጥ በኩል የብረት ስብርባሪ ሊያፈናጥር ይችላል። ዘመናዊ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ይህን ለማስቀረት በውስጥ ግድግዳቸው ላይ ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሽፋን ይለብሳሉ።

የታንኮቹ ልዩነትም ከታሪክ የመጣ ነው። 188 ቶን የሚመዝነው የጀርመኑ ማውስ ክብደቱን በሙሉ በጥሩር ላይ ያዋለ ሲሆን የተሠሩት 2 ናሙናዎች ብቻ ናቸው። በምዕራብ ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ የተነደፈው ሌዎፓርድ 1 ግን የዘመኑ ፀረ ታንክ ጥይት ማንኛውንም ወፍራም ብረት ስለሚበሳ በብረት ፋንታ ፍጥነትን መረጠ። በጨዋታውም ማውስና ሌዎፓርድ 1 የሁለቱ ተቃራኒ አስተሳሰቦች ምሳሌዎች ናቸው፤ የሚስማማቸው ማሻሻያም ይለያያል።

የምርጫ ስሌት

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዳቸው 2000 የሕይወት ነጥብ፣ 400 አማካይ ጉዳትና 10 ሰከንድ የማጉረሻ ጊዜ ያላቸው ሁለት ታንኮች ፊት ለፊት ተገናኝተው በአንድ ጊዜ መተኮስ ጀመሩ እንበል። ጥይቱ ሁሉ የሚበሳና ጉዳቱም ሁልጊዜ አማካይ ከሆነ፣ ሁለቱም 5ኛውን ጥይት በ40ኛው ሰከንድ ተኩሰው አብረው ይጠፋሉ።

አንደኛው የተጠናከረ አካል ቢገጥም የሕይወት ነጥቡ 2160 ይሆናል። አሁን እርሱን ለማጥፋት 6 ጥይት ያስፈልጋል። በ40ኛው ሰከንድ ጠላቱ ሲጠፋ እርሱ 160 ነጥብ ይዞ ይቀራል።

በዚያው ቦታ የማጉረሻ ጊዜን በ10 በመቶ የሚቀንሰውን የማጉረሻ መሣሪያ ቢገጥምስ? በየ9 ሰከንዱ ስለሚተኩስ 5ኛው ጥይቱ በ36ኛው ሰከንድ ይወጣል። ጠላቱ እስከዚያ የተኮሰው 4 ጥይት ብቻ ስለሆነ እርሱ 400 ነጥብ ይዞ ያሸንፋል። ለማጥቃት የተሠራው መሣሪያ ከመከላከያው ይልቅ ታንኩን ጠበቀው ማለት ነው። ጠላትን ቶሎ ማጥፋት ራሱ አንዱ የመከላከያ መንገድ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የማጉረሻ መሣሪያ በሚቀበል ታንክ ላይ እርሱን የሚያስቀድሙትም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱ አይጻረሩም። የአንድ ታንክ የውጊያ አቅም በግርድፉ በጊዜ የሚያደርሰው ጉዳት በሕይወት ነጥቡ ሲባዛ ነው። የማጉረሻ መሣሪያው የመጀመሪያውን በ1.11፣ የተጠናከረው አካል ሁለተኛውን በ1.08 ያባዛሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ 1.20 ይሰጣሉ።

የደረጃ ገደብ

የሕይወት ነጥብ ጭማሪ ጥቅም እኩል የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። የጠላት አማካይ ጉዳት 400 ሲሆን ከላይ እንደታየው 160 ነጥብ የአንድ ሙሉ ጥይት ልዩነት አመጣ። የጠላት ጉዳት 390 ቢሆን ግን 2000 ነጥብ ያለውን ለማጥፋት 6 ጥይት ያስፈልጋል፤ 2160 ያለውንም ለማጥፋት ያው 6 ነው። በአማካይ ሲታይ ጭማሪው ምንም ልዩነት አላመጣም። በእርግጥ የ25 በመቶው መዋዠቅ ይህን ገደብ ያለሰልሰዋል፤ ቢሆንም ከመግዛት በፊት በዚያ ደረጃ በብዛት የሚያጋጥሙትን መድፎች ጉዳት ወስዶ ማካፈሉ ይጠቅማል።

ጥሩርና የሕይወት ነጥብ

የሕይወት ነጥብ ጭማሪ ጥሩሩ ጥይት ለሚያነጥርለት ታንክ የበለጠ ዋጋ አለው። ከሚመቱት ጥይቶች ግማሹ ሳይበሱ የሚመለሱለት ታንክ 2000 ነጥቡ እስኪያልቅ ድረስ የ4000 ነጥብ ያህል ጥይት ይተኮስበታል። ለእርሱ የ160 ነጥብ ጭማሪ የ320 ያህል ያገለግለዋል። ጥሩሩ ምንም ለማያነጥርለት ታንክ ግን 160 ያው 160 ነው። ስለዚህ መከላከያ የሚጨመረው መከላከያ በሌለው ላይ ነው የሚለው የተለመደ ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ስስ ጥሩር ያለው ታንክ የሚጠበቀው ባለመታየትና ባለመመታት ስለሆነ ቦታውን ለመሰወሪያ፣ ለመነጽር ወይም ለተኩስ ትክክለኛነት ቢያውለው ይሻለዋል።

በታንክ ምድብ

• ከባድ ታንክ፦ ፊት ለፊት ቆሞ ጥይት ስለሚቀበል የመከላከያ ማሻሻያ በብዛት የሚስማማው ለእርሱ ነው። የማጉረሻ መሣሪያ፣ የተጠናከረ አካልና አንድ የተኩስ ትክክለኛነት መሣሪያ የተለመደ ቅንጅት ነው። በጣም ዘገምተኛ ከሆነ የፍንጣሪ መከላከያ ሊተካ ይችላል።
• መካከለኛ ታንክ፦ የቱሬቱ ጥሩር ጠንካራ ከሆነና ከጉብታ ጀርባ ራሱን ብቻ አውጥቶ የሚዋጋ ከሆነ የተጠናከረ አካል ይጠቅመዋል። ጥሩሩ ስስ ከሆነ አይመከርም።
• ቀላል ታንክ፦ ሥራው ጠላትን አይቶ ለቡድኑ ማሳየት ስለሆነ ቅኝትና መሰወር ይቀድማሉ።
• ታንክ አጥፊ፦ ወፍራም ጥሩር ያለው እንደ ከባድ ታንክ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ የሚተኩሰው ደግሞ እንደ ቀላል ታንክ ይታያል።
• በራሱ የሚንቀሳቀስ መድፍ፦ ከተገኘ በአንድ ወይም በሁለት ጥይት ስለሚጠፋ የሕይወት ነጥብ ጭማሪ እምብዛም አይጠቅመውም።

ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ

ከማንኛውም መሣሪያ በፊት የሚመጣው የታንኩ አቋቋም ነው። የፊት ጥሩሩ 100 ሚሊሜትር፣ የጎኑ 60 ሚሊሜትር የሆነና ግድግዳዎቹ ቀጥ ያሉ ታንክ እንውሰድ። ጠላትን በቀጥታ ከተመለከተ የሚጠብቀው 100 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አካሉን በ30 ዲግሪ ቢያዞር ፊቱ 115፣ ጎኑ 120 ሚሊሜትር ይሆናል። «ትንሽ ቢጨመርስ» ብሎ 45 ዲግሪ ቢያዞር ፊቱ ወደ 141 ቢያድግም ጎኑ ወደ 85 ይወርዳል፤ ጠላትም ጎኑን ይመታል። ለዚህ ታንክ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ31 ዲግሪ አካባቢ ነው። የ30 ዲግሪው ዙር የሰጠው የ15 በመቶ ጭማሪ ምንም የመሣሪያ ቦታ አልወሰደም።

አንግሉ ለእያንዳንዱ ታንክ ይለያያል። ፊቱና ጎኑ በውፍረት በጣም የሚራራቁ ታንኮች በጥቂቱ ብቻ መዞር አለባቸው።

ወጪና ጥንቃቄ

መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚገዙት በውጊያ በሚገኘው የጨዋታው ገንዘብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለመንቀል ሲፈለግ ነው። ውስብስብ የሚባሉት መሣሪያዎች አንዴ ከተገጠሙ በአብዛኛው በነጻ አይወጡም፤ ብዙውን ጊዜ ወይ እዚያው ይወድማሉ፣ ወይ በወርቅ ይነቀላሉ። ወርቅ ደግሞ በዋናነት በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ነው። በችኮላ የተደረገ ምርጫ ተጫዋቹን ወይ የብዙ ውጊያ ትርፉን ወይ ከኪሱ ገንዘብ ያስከፍለዋል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሯቸው ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ቶሎ ለሚሸጥ ዝቅተኛ ደረጃ ታንክ ውድ መሣሪያ መግዛት፤
• ሦስቱንም ቦታ በመከላከያ ሞልቶ ጠላትን ማጥፋት የማይችል ታንክ መሥራት፤
• አንድ ጊዜ የጥይት መደርደሪያው ስለፈነዳ ብቻ የተሻሻለ አደረጃጀት መግጠም። ውሳኔው ከብዙ ውጊያ በኋላ ታንኩ በአብዛኛው በምን እንደሚጠፋ ታይቶ ቢሆን ይሻላል፤
• የእሳት ማጥፊያ ወይም የጥገና ሳጥን ሳይዙ በመሣሪያ ብቻ መተማመን።

የመሣሪያዎቹ ቁጥሮች በየጊዜው በሚወጡ እትሞች ስለሚስተካከሉ ከመግዛት በፊት በጋራዡ ውስጥ ያለውን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። የኮሳይን ስሌቱና የማካፈሉ ዘዴ ግን ቁጥሮቹ ቢቀየሩም ያው ናቸው።

ደግሞ ይዩ

• ታንክ
• የቪዲዮ ጨዋታ
• ትሪጎኖሜትሪ
• ሁለተኛው የዓለም ጦርነት